የእትዬ አፀደ ነጭ ሸራ ጫማ

ይሄን ስታነቡ «ፈጠራ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። በሉ። የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እኔም እንደዛ ነበር የምለው።

ግን ሆኗል... በራሴ ላይ። የቻናሉ አድሚን «ስምሽን ልቀይርልሽ?» ብሎኝ ነበር፣ እምቢ አልኩት። ሩታ ነኝ። የዊንጌት ልጅ።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ እንደ ጉድ ወጥታ... ከቁስቋም በላይ ተራራው ላይ ባለው መናፈሻ፣ ሐይቁ ዳር።

ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ እትዬ አፀደ። መናፈሻው ከተከፈተ ጀምሮ አንድ ልመና ነበራት።

«ሩትዬ፣ እዛ ሐይቅ ላይ ጀልባ አለ አሉ። አንድ ቀን ውሰጂኛ።»

«እሺ እትዬ፣ የሚመጣው ቅዳሜ።»

የሚመጣው ቅዳሜ ግን መጥቶ አያውቅም። አንዴ ሥራ፣ አንዴ ድካም፣ አንዴ ደግሞ... እውነቱን ልናገር፣ ስንፍና። እሷ ግን ለጀልባው ብላ ነጭ ሸራ ጫማ ገዝታ ነበር። ቅርጹ እንዳይበላሽ ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቃ አልጋዋ ሥር አስቀመጠችው።

አንድም ቀን ሳታደርገው ሞተች።

አርባዋ ሳይወጣ ነው እንግዲህ ጓደኛዬ ሄራን ከእጮኛዋ ከቢኒያም ጋር በመኪና የመጣችው።

«ተነሺ፣ አየር ቀይሪ። ቤት ዘግተሽ እስከ መቼ ነው?»

«አርባዋ እኮ አልወጣም። ሰው ምን ይለኛል?»

«ማን ያይሻል? የሞተ ተጎዳ። በቃ ይሄን ጥቁርም አውልቂው፣ ሐይቅ ነው የምንሄደው።»

አወለቅኩት። ማንም አላስገደደኝም። የሐዘን ቀሚሴን አልጋዬ ላይ ወርውሬ ቢጫ ሹራብ ለበስኩ። የእትዬን አልጋ ማየት ከብዶኝ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ያ ቁልፍ ከእኔ ሌላ ማንም ጋ የለም። ይሄን ያዙልኝ።

መናፈሻው፣ ምን ልበላችሁ፣ ደስ ይላል። ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፣ ቤተሰብ ሣሩ ላይ ምሳውን ዘርግቷል፣ የባሕር ዛፉ ሽታ ልብ ያሳርፋል። ቢኒያም የማይረባ ቀልዱን ቀለደ። እኔም ሳቅኩ። ከለቅሶው ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር።

ሳቄን ሳልጨርስ ነው ያየኋት...

ከሐይቁ ማዶ አንዲት ሴት ወንበር ላይ ለብቻዋ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ጥለቱ አንገቷ ዙሪያ ነው፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው።

ሐዘን ላይ ያለ ሰው እዚህ ምን ይሠራል ብዬ አሰብኩ። ከዛ የራሴን ቢጫ ሹራብ አየሁና አፈርኩ።

«ሄራን... ያቺን ሴትዮ አየሻት?»

«የቷን?»

ቀና ስል ወንበሩ ባዶ ነው።

ቢኒያም ጀልባ ካልተሳፈርን አለ። ቀዛፊው ሌንጮ የሚባል ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። አንድ በአንድ እየደገፈ አስገባን። ሁላችንም ከተቀመጥን በኋላ ግን እጁን ወደ ዳሩ እንደዘረጋ ቆየ።

ቀስ ብሎ... አንድ ሽማግሌ ሰው ደግፎ እንደሚያስገባ።

ጀልባዋ ወደ እኔ ጎን ዘመም አለች።

«ሂድ እንጂ፣ ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለች ሄራን እየሳቀች። ሌንጮ መቅዘፍ ጀመረ።

መሃል ስንደርስ ነፋሱ ቆመ። የልጆቹ ጫጫታ ራቀ። አጠገቤ ያለው ቦታ ባዶ ነው፣ በዓይኔ እያየሁት ነው... ግን ቪክስ ሸተተኝ። እትዬ ማታ ማታ ደረቷን የምትቀባው ቪክስ።

የባሕር ዛፉ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሌንጮ መቅዘፉን አቆመ። ጎንበስ ብሎ፣ በአክብሮት፣ ወደ ባዶው ቦታ ተናገረ።

«እማማ፣ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉ። ነጩ ጫማዎ እየራሰ ነው።»

ወደ ባዶው ቦታ ዞርኩ።

ሄራንና ቢኒያም ፊታቸውን አዙረው በስልክ ፎቶ ይነሳሉ። አልሰሙም።

«ማንን ነው... የምታናግረው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«እናትሽን ነዋ።» ግራ ገብቶት አየኝ። ከዛ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይዞዎት በያቸው እንጂ። ከተሳፈሩ ጀምሮ እኮ እያለቀሱ ነው... ማን ሞቶባቸው ነው?»

እጄን አጠገቤ ያለው እንጨት ላይ አሳረፍኩ። ሰው የተቀመጠበት ይመስል ይሞቃል።

«እትዬ... ይቅር በይኝ። ላመጣሽ ነበር። እውነቴን ነው፣ ላመጣሽ ነበር...»

ሌንጮ መቅዘፉን ቀጠለ።

ዳር ስንደርስ ሌንጮ መጀመሪያ እጁን የዘረጋው ለእሷ ነው። ያኔ ጀልባዋ ተቃናች።

ለሄራን ምንም አልነገርኳትም። አመመኝ ብዬ ወደ ቤት አስመለስኳቸው። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። በሩ እንደቆለፍኩት ነው። ከፈትኩ።

በቀጥታ የእትዬ አልጋ ሥር ጎንበስ አልኩ።

ጋዜጣው አለ... ወጥቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ጫማው የለም።

ቀና ብዬ ወደ እኔ አልጋ ዞርኩ።

ወርውሬው የሄድኩት ጥቁር ቀሚስ በቁመቱ ተዘርግቷል። እጅጌዎቹ ደረቱ ላይ ተጣምረዋል። አንገትጌው ትራሴ ላይ ነው፣ ልክ የእኔ ራስ በሚያርፍበት ቦታ። ቀሚሱ ላይ አንድም የተጨማደደ ቦታ የለም፣ አስከሬን በሚገንዝ ሰው እጅ የተስተካከለ ይመስላል።

ከአልጋዬ ፊት ለፊት ነጩ ሸራ ጫማ ቆሟል። ጫፉ ወደ ቀሚሱ ዞሯል።

ክሩ ታስሯል... ውሃው ገና ይንጠባጠባል።