ያልተከፈተው የጨረታ ሳጥን

አቶ ኤርሳዶን ያገኘቻቸው ሔዋን ናት። ደረጃው ጭስ ጭስ ይሸታል ሲባል ወርዳ የጄኔሬተር ክፍሉን የብረት በር ስትከፍት፣ ትኩስ ጥቁር አየር ፊቷ ላይ ተለቀቀ። ሰውየው በሩ ሥር በጎናቸው ወድቀዋል። አንድ እግራቸው ባዶ ነው፤ ጫማቸው በእጃቸው ነበር። በሩን ሲደበድቡበት ቆይተዋል። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር፤ ጓጉንቸሩም ቁልፉም አሁን በሔዋን እጅ ናቸው። ተከትለዋት የወረዱት ሰዎች መጀመሪያ ሬሳውን፣ ቀጥሎ እጇን ተመለከቱ።

ከዚያ በኋላ ከሕንፃው የወጣ ሰው የለም። ከአትላስ ሰፈር ወረድ ብሎ ባለው ባለ ስምንት ፎቅ አፓርታማ መግቢያ ላይ ፖሊስ ቆመ። ሟቹን ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገሩት ሰዎች አንደኛ ፎቅ ላይ ባለው የስብሰባ ክፍል እንዲቆዩ ታዘዙ። የክፍሉ ብቸኛ መስኮት የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ያህል ነው፤ ሰማይ አያሳይም። ሔዋን የአምስት ወር ልጇን ኢዩን ስድስተኛ ፎቅ ላይ ለጎረቤቷ ለእማማ ፈለቀች ትታ ነው የወረደችው። ጡቷ ሞልቶ መወጠር ጀምሯል።

«አጥብቼው ልመለስ» አለች በሩ ላይ ለቆመው ፖሊስ።

«ኢንስፔክተሯ ሳትፈቅድ አይቻልም፣ እህቴ።»

ኢንስፔክተር የሺአረግ አጭር ሴት ናት። ድምጿን ከፍ አታደርግም፤ ሰው እሷን ለመስማት ራሱ ዝም ይላል። ወንበር ስባ ከሔዋን ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ሳልደብቅ ልንገርሽ፤ ዛሬ ከዚህ አንድ ሰው ይዤ እሄዳለሁ። እስካሁን ባየሁት ያ ሰው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ሁሉንም ንገሪኝ። ምን ልትሠሩ ነበር የተሰበሰባችሁት?»

«የሕንፃ አስተዳዳሪ ልንመርጥ። የቤት ባለቤቶቹ በጨረታ ይሁን ብለው ኮሚቴ አቋቋሙ። ጋሽ ኤርሳዶ ሰብሳቢ፣ ሱልጣን አባል፣ እኔ ጸሐፊ። ድርጅቶቹ ያስገቡት ፖስታ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው።»

ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሦስት ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል።

«ሦስት ለምን?»

«በሱልጣን እድር እንደዚህ ነው የሚደረገው። አንዳንድ ቁልፍ ይዘናል። አንዳችን ከጎደልን አይከፈትም። በማስታወቂያው በተባለው ሰዓት ካልተከፈተ ደግሞ ጨረታው ይሰረዛል።»

«የጄኔሬተሩ ክፍል ቁልፍስ?»

«ድሮ አስተዳዳሪው ጋሽ ቢተው ጋ ነበር። ጨረታው ሲወጣ የጋራ ክፍሎቹ ቁልፍ ሁሉ ተሰብስቦ ለእኔ ተሰጠ። አንድ ብቻ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ቤቴ ድረስ መጥተው ይወስዱታል፤ ጄኔሬተሩ በራሱ ይነሣል፣ ግን ጭስ ማውጫው ስለተሰነጠቀ በሩ መከፈት አለበት።»

«ዛሬ ክፍሉን ማን ከፈተው?»

«እኔ። ከተጫራቾቹ አንዱ፣ ኢዮስያስ፣ ጄኔሬተሩን ልየው አለ። እሱንና ጋሽ ኤርሳዶን ይዤ ወረድኩ። ጋሽ ኤርሳዶ ‹ጓጉንቸሩን እንደተከፈተ አንጠልጥይው፣ ስንወጣ እንቆልፈዋለን› አሉኝ። ልጄን ላጠባ ወጣሁ፤ ከዚያ ወደዚህ መጣሁ።»

«ደረጃው ላይ ያየሽ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ኢዮስያስ አብሮኝ የተማረ ስለሆነ እሱን ልታስገቢ ነው አሉኝ፤ በሰው ፊት። እኔም በሰው ፊት መለስኩላቸው።»

የሺአረግ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ኢዮስያስ ዞረች። ወጣቱ ኮቱን ሳያወልቅ ያልበዋል።

«አንተ ከእሳቸው ጋር ቀርተሃል።»

«ትንሽ ነው የቆየሁት። ታች ኔትዎርክ የለም፤ ቢሮ መደወል ነበረብኝ። እሳቸው የጄኔሬተሩን ሰሌዳ ፎቶ ላንሣ ብለው ቀሩ። ኢንስፔክተር፣ ይሄ ጨረታ ቢሰረዝ አንደኛ ተጎጂ እኔ ነኝ። ፕሮፖዛሉን ስሠራ ስንት ሌሊት አድሬያለሁ።»

«ኮቱንም ለዛሬ ነው ያሰፋው» አለ ሱልጣን ከማዶ።

ማንም አልሳቀም። ሱልጣን ከሕንፃው መግቢያ አጠገብ ባለው ሱቁ ልብስ የሚሸጥ ጎልማሳ ነው።

«እርስዎስ?» አለችው የሺአረግ።

«እኔ ይሄን ሳጥን እንደ ሙሽራ ስጠብቅ ነው የዋልኩት። ሽንት ቤት እንኳ አልሄድኩም፤ የመጡትን ባለቤቶች ይጠይቁ። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም እዚሁ ነበርን። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ተመስገን አልን። ኤርሳዶ ብቻ ጠፋ፤ ስንደውል ስልኩ አይጠራም። እንዲህ እያልን ሰዓቱ አለፈ።»

«አቶ ቢተው የት ተቀምጠው ነበር?»

«ሔዋን አጠገብ።»

አቶ ቢተው ከማዘጋጃ ቤት ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ሕንፃውን የሚያስተዳድሩ ሽማግሌ ናቸው። ከባለቤታቸው ጋር የሚኖሩት ከመግቢያው ጎን ባለች አንድ ክፍል ነው፤ ክፍሏ ከሥራው ጋር የመጣች ናት።

«ያሸነፈው ድርጅት ክፍሏን ይረከባታል?»

«ቢሮ ያደርጋታል ተብሏል።»

«እናንተስ?»

«እንግዲህ እሱ ያውቃል» አሉ ወደ ጣሪያው እያዩ።

«ሰው ሲሰበሰብ የት ነበሩ?»

«ወንበር ከታች ሳመላልስ። የጄኔሬተሩን በር ልብ አላልኩትም።»

የሺአረግ ሌላ አልጠየቀችም። ከሔዋን የተቀበለችውን የጄኔሬተር ክፍሉን ጓጉንቸር በጣቶቿ እያገላበጠች ቆየች። ሔዋን እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ወተቱ በልብሷ እንዳያልፍ ትታገላለች። ኢዩን ይዛ ጣቢያ ስትገባ አሰበች። ቀጥሎ ሳትይዘው ስትገባ አሰበች። ሁለተኛው የባሰ ነበር።

በሩ አካባቢ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። እማማ ፈለቀች ኢዩን አቅፈው ከፖሊሱ ጋር ይከራከራሉ።

«እኔ ምን ላድርገው? ጡጦ አጥቤ እንዳልሰጠው ጠብታ ውሃ የለም። ዛሬ የእኛ ፈረቃ ነው። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ሰምቼ ባልዲዬን ደርድሬ ቁጭ አልኩ፤ ጠብ አላለም።»

«ይግቡ፣ እናቴ» አለች የሺአረግ ብድግ ብላ። «ልጁን ለእናቱ ይስጧት። እዚሁ ታጥባው።»

ሔዋን ልጇን ተቀብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ለቅሶው ቆመ።

«ጄኔሬተሩ ሲነሣ ውሃ ይመጣል?» አለች የሺአረግ።

«ጋሽ ቢተው ፓምፑን ሲያስነሣው ነዋ። ወደ ጣሪያው ታንከር የሚገፋው እሱ አይደል? የፈረቃችን ቀን መብራት ከጠፋ እየሮጠ ነው የሚወርደው። በዚህ እንኳ አይታማም።»

«የፓምፑ ማብሪያ የት ነው?»

«እዚያው፣ ጄኔሬተሩ ክፍል ውስጥ።»

የሺአረግ እማማ ፈለቀችን አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ጓጉንቸሩን ከፍታ ለሱልጣን ሰጠችው።

«ይቆልፉት።»

«ቁልፉስ?»

«ያለ ቁልፍ።»

ሱልጣን በመዳፉ ጫን አደረገው። ቀጭ አለ።

«ለመክፈት ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ለመቆለፍ አያስፈልግም» አለች። «ስለዚህ ቁልፉ በሔዋን እጅ መሆኑ ሔዋን ቆለፈች አያሰኝም። ያለፈ ሁሉ ሊቆልፈው ይችል ነበር። አቶ ሱልጣን ከዚህ አልተነሡም። ኢዮስያስ ሳጥኑ እንዲከፈት የሚፈልግ ሰው ነው፤ ሰብሳቢውን ቢቆልፍባቸው ሳጥኑን በራሱ ላይ ቆለፈ ማለት ነው። ግን ይሄ ግምት ነው፤ በግምት ሰው አልይዝም። እኔ የፈለግሁት፣ ጄኔሬተሩ ሲነሣ ውስጥ ሰው እንዳለ የሚያውቅ ማን ነው የሚለውን ነው። አቶ ቢተው፣ ዛሬ ፓምፑን ለምን አላስነሡም?»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን በእጃቸው ያዙ። «ወርጄ ነበር። ተቆልፎ አገኘሁትና ተመለስኩ።»

«ተቆልፎ ሲያገኙት ቁልፍ ማንን ነው የሚጠይቁት?»

«ሔዋንን።»

«ሔዋን የት ነበረች?»

ሔዋን ልጇን እያጠባች አስታወሰች፤ ጄኔሬተሩ ከሥራቸው ሲንቀጠቀጥ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አውጥታ አስቀምጣው ነበር። አሁን ይጠይቁኛል ብላ። ጋሽ ቢተው ቁልፉን አይተው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«አልጠየቁኝም፣ ጋሼ» አለች።

«አልጠየቁም» አለች የሺአረግ። «ሌላ ቀን ስድስት ፎቅ ወጥተው በር አንኳኩተው ይወስዱ ነበር። ዛሬ እጅዎን ቢዘረጉ ይደርሱበት ነበር። ወይ አልወረዱም፣ ወይ ወርደው ሳይከፍቱ ተመለሱ። በሁለቱም መንገድ ያ በር ተዘግቶ እንዲቆይ የፈለጉት እርስዎ ነዎት። ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ ይፈልጋል፤ አንዱ በተቆለፈባቸው ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ሰዓቱ ሲያልፍ ጨረታው ይሰረዛል። እርስዎም ክፍልዎ ውስጥ ይቆያሉ።»

«ሰዓቱ እስኪያልፍ ብቻ ነበር» አሉ አቶ ቢተው። «ከዚያ እኔው ራሴ እከፍትለታለሁ፣ ማን ቆለፈብህ ብዬም እቆጣለሁ ብዬ። መብራቱ ይጠፋል ብዬ መች አሰብኩ?»

«ሲጠፋ ግን ጄኔሬተሩን ሰሙት።»

«ሰማሁ።»

«ጭሱን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ቁልፉን ጠይቀው ቢከፍቱላቸው ኖሮ ማንም አይጠረጥርዎትም ነበር። እንዲያውም አዳኛቸው ይባሉ ነበር።»

«ሳጥኑ ይከፈት ነበራ» አሉ ሽማግሌው፣ ግልጽ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው። «ሰዓቱ ሊያልፍ ትንሽ ነበር የቀረው። ትንሽ ይቆይ አልኩ። እንደገና ትንሽ አልኩ።»

ኢዮስያስ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ሲወስዷቸው አቶ ቢተው በሩ ላይ ቆም ብለው፣ ለባለቤታቸው ማን እንደሚነግራት ጠየቁ። እማማ ፈለቀች ነጠላቸውን አስተካክለው ተከተሏቸው።

«ወደ ቤትሽ ግቢ» አለች የሺአረግ ሔዋንን። «ነገ ቃልሽን ትሰጫለሽ፤ ልጅሽን ይዘሽ ነይ።»

ሔዋን ስድስቱን ፎቅ በእግሯ ወጣች። ኢዩ ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ቤቷ ገብታ እንደ ልማዷ በሩን ቆለፈችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ወዲያው ተነሣች። ልጁን እንደታቀፈች በሩን በርግዳ ከፈተች፤ እንዳይዘጋም ወንበር አስደገፈችበት።