ሟቹ ሰባት ሰዓት ላይ ገባ

ዘበኛውን መዝገቡን የሰደበው የኮምፒውተር ሠራተኛው አዩብ ነው። ቀኑ ግንቦት አራት፣ ሰኞ፤ ሰዓቱ ከጧቱ ሦስት ከሩብ። መዝገቡ ይህን ለማስታወስ ወረቀት አያሻውም። መካነ ሰላም ካለው የሰነድ መላኪያ ቤት ደጃፍ ላይ ልጆቻቸው ዓረብ አገር ያሉባቸው አሥራ አንድ ሰዎች ተሰልፈው ነበር፤ ቆጥሯቸዋል። ጥፋቱ በሩን ሩብ ሰዓት አርፍዶ መክፈቱ ነው።

«ስማ፣ ዘበኛ!» አለው አዩብ፣ በዕድሜ አባቱ የሚሆነውን ሰው። «እኔ ለኮምፒውተሩ የጻፍኩት ትእዛዝ፣ ስክሪፕቱ እንኳ፣ ማንም ሳይነካው በየቀኑ ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን የደሴውን ሰርቨር በር በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ይገባል፤ ሰነዱን አድርሶ ዘግቶ ይወጣል። አንተ አንድ የቆርቆሮ በር አቃተህ!»

ሰልፈኛው ሳቀ። ጸሐፊዋ ፈይዛም አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። መዝገቡ ከአብነት ትምህርት ቤት ዳዊት ሳይደግም የወጣ፣ ከአስኳላውም ስድስተኛን ያልጨረሰ ሰው ነው። ስክሪፕት የሚሉትን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ግን በሰው ፊት ከእሱ ጋር ተመዝኖ ቀልሎ መገኘቱ ገብቶታል። ያችን ቀን አርባ ስድስት ቀን ተሸከማት።

በአርባ ስድስተኛው ቀን፣ ሰኔ ሃያ ዓርብ፣ አዩብ ከመሥሪያ ቤቱ ፎቅ ጀርባ፣ ጭንቅላቱ በመሠረቱ ድንጋይ ተፈልጦ፣ ሞቶ ተገኘ። ከጎኑ የባህር ዛፍ መሰላል ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ያገኘው የሥራ ባልደረባው አለምነው ነው፤ ከከላላ በሚኒባስ መጥቶ ሰባት ከሩብ ላይ ግቢው ሲገባ። የደሴው ሰርቨር የመግቢያ መዝገብ ደግሞ አዩብ ሰባት ሰዓት ላይ እንደገባ ያሳያል። ሰባት ላይ በሕይወት ነበረ፣ ሰባት ከሩብ ላይ ሞቷል፤ በመካከሉ የመጣው አለምነው ብቻ። ሁለቱ ሐሙስ ዕለት በሰርቨሩ ቁልፍ ተጣልተው እንደነበር ደግሞ አገር ያውቃል። ታሰረ።

የአለምነው ሽማግሌ አባት ከከላላ በበቅሎ ስንቅ ያመላልሱለት ጀመር። መዝገቡ በፖሊስ ጣቢያው በኩል ማለፍ ትቶ በወንዙ ዳር ዞሮ መሄድ የጀመረው ያኔ ነው።

ሰኞ ጧት ኢንስፔክተር የዓለምዘርፍ ከደሴ መጣች። ቀጭን፣ ድምፅዋን የማታነሳ ሴት ናት። መጀመሪያ ከጀርባ ዞራ የመሰላሉን እግር ቁጢጥ ብላ አየች፤ ከዚያ ወደ በሩ መጣች።

«ጋሽ መዝገቡ፣ እንደምን አደሩ።»

ጆሮው ጭው አለበት። በዚህ ስም ከተጠራ ገና ሦስት ቀኑ ነው።

«እግዜር ይመስገን።»

«ዓርብ ለምሳ ሲወጡ አዩብ የት ነበር?»

«እላይ። ሰባት ሰዓት ላይ ደሴን ከፍቶ ሲገባ ትቼው ነው የወጣሁ። ወላሂ!»

«በዓይንዎ አይተውታል?»

«ከዚሁ ሆኜ፣ በመስኮቱ።»

ቀና ብላ ወደ ፎቁ አየች። «ይሄ መሰላል ማደሪያው የት ነው?»

«ጄኔሬተሩ ክፍል።»

«ቁልፉስ?»

«እኔ ዘንድ… ማን ዘንድ ይሆናል?»

«እንዲያ ነው» አለችና ሄደች።

ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁሉንም እላይ ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ የአዩብን እናት እትዬ ዘሊካን፣ ፈይዛን፣ እጁ በካቴና የታሰረውን አለምነውን፣ ሁለት ፖሊሶችንም። መብራት ጠፍቷል።

«ጋሽ መዝገቡ፣ ጄኔሬተሩን ያስነሱልን።»

ወረደ። ያ ጄኔሬተር አሥር ጊዜ ካልሳቡት ተነስቶ አያውቅም። ዛሬስ ባልተነሳ ብሎ ገመዱን ሳበው፤ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሲመለስ ፈይዛ የአዩብን ኮምፒውተር ከፍታዋለች።

«ማንም እንዳይነካው» አለች ኢንስፔክተሯ። ዓይኖች ሁሉ ሰዓቱ ላይ ተተከሉ።

ልክ ሰባት ሲል ጥቁሩ ገጽ ላይ ነጭ ፊደሎች ተደረደሩ። ፈይዛ አነበበች፤ «አዩብ… ገባ።»

«ያ ረቢ! ልጄ ነው?» አሉ እትዬ ዘሊካ፣ ከወንበራቸው ተነስተው።

«አይደለም፣ እማማ። የጻፈው ትእዛዝ ነው። ደሴ ስልክ ደውዬ ጠየቅኩ፤ ከተቀበረ በኋላ ቅዳሜም እሑድም ገብቷል፣ ልክ ሰባት ሰዓት፣ ሴኮንድ ሳያዛንፍ። ዓርብም የገባው እሱ እንጂ ልጅዎ አይደለም። ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ ልጅዎ የት ነው የሚገኘው?»

«መስጊድ ነዋ! ጁምዓ ቀርቶበት ያውቃል? ነጭ ጀለቢያውን ተኩሼ ጠበቅኩት። ሳይመጣ ቀረ።»

«ከሶላቱ በፊት ወድቆ ነበር። አለምነው፣ ስታነሳው ከሥሩ መሬቱ እንዴት ነበር?»

«ደረቅ» አለ አለምነው በሰለለ ድምፅ። «ዙሪያው ጭቃ፣ ከሥሩ ደረቅ።»

«ዝናቡ የጀመረው ስድስት ተኩል ላይ ነው። እንግዲህ አዩብ የወደቀው ከዝናቡ በፊት፣ አንተ ገና ሚኒባስ ላይ ሳለህ ነው፤ ረዳቱ መስክሮልሃል። የመሰላሉ እግር ግን ስንዝር ያህል ጭቃው ውስጥ ሰምጧል። መሰላሉ የቆመው ከዝናቡ በኋላ ነው። ሰው ከወደቀ በኋላ መሰላል የሚያቆም ምን ፈልጎ ነው? ከመሰላሉ የወደቀ ለማስመሰል ካልሆነ።»

በጣቷ ወደ ላይ፣ ወደ ጣሪያው ጠቆመች።

«አዩብ የኢንተርኔቱን ዲሽ ሊያስተካክል ጣሪያ ወጣ። ስልኩ ኮምፒውተሩ ጎን ቻርጅ ላይ ነበር። አንድ ሰው መሰላሉን አንስቶ ጄኔሬተሩ ክፍል ቆለፈበት። የጁምዓ ሰዓት ሲደርስበት በአሸንዳው ሊወርድ ሞከረ። ፈይዛ አምስት ተኩል ላይ ወጥታለች፤ ግቢው ውስጥ የቀረው ቁልፉ ያለው ሰው ነው።» ወደ መዝገቡ ዞረች። «ጋሽ መዝገቡ፣ ከበሩ ሆኖ ይህ መስኮት አይታይም፤ ጥዱ ጋርዶታል። ሰባት ሰዓት ላይ ደሴን እንደሚከፍት ታዲያ ከየት አወቁ?»

ፈይዛ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች። «ግንቦት ላይ… የሳቅንበት ቀን» አለች። «አዩብ እዚያው በሩ ላይ ነግሮታል።»

«ልገድለው አልነበረም» አለ መዝገቡ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ትንሽ ይለምነኝ ብዬ ነው። ትንሽ ብቻ።»

አለምነው ካቴናውን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። መዝገቡ ሊያየው አልቻለም።

እትዬ ዘሊካ ቀስ ብለው መጥተው ፊት ለፊቱ ቆሙ። አልጮኹም።

«ወንድሜ መዝገቡ፣ ልጄ ተጣርቶ ይሆናል። ምን ብሎ ጠራህ?»

ሦስት ጊዜ ነው የጠራው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ዘበኛ» ሲል የኖረ አፍ፣ ከጣሪያው ላይ «ጋሽ መዝገቡ! ጋሽ መዝገቡ፣ ሶላት አለፈኝ!» አለ። በሦስተኛው ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ነበር። መዝገቡ ጄኔሬተሩ ክፍል ውስጥ መሰላሉ ላይ ተቀምጦ፣ አንዴ ይድገምልኝ እያለ፣ እያጣጣመ ሰማው። አልደገመውም።

ከኪሱ ቁልፉን አወጣ። ኮምፒውተሩ ጎን፣ የአዩብ ስልክ የነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጠው። እትዬ ዘሊካ አሁንም ዓይን ዓይኑን እያዩ ይጠብቃሉ። ዞረና ከፖሊሶቹ ቀድሞ ደረጃውን ወረደ።