የሰሊጥ ማተብ

ይህን አንብቦ «ፈጠራ ነው» የሚል ይኖራል። ይበል። ፈጠራ ቢሆንልኝ እኔም በወደድኩ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ። ቦታው ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከልጄ ጋር የምኖርባት አንድ ክፍል ቤት ናት። ወለሏ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶውን አስታውሱት።

ወልዳይ እባላለሁ፤ የሑመራ ሰው ነኝ። ጦርነቱ ሲመጣ ተከዜን የተሻገርኩት ከልጄ ከሸዊትና ከውሻዋ ጋር ነው። እናቷ አልተሻገረችም።

ውሻውን ሰሊጥ ነበር የምንለው። ነጭ ነው፤ ቡችላ ሆኖ ያገኘችው ከሰሊጥ ክምር ሥር ነበር። ወንዙ ዳር ስንደርስ ሸዊት ማተቧን ከአንገቷ አውልቃ አሰረችለት።

«ውሻ ማተብ አያስርም» አልኳት።

«ውሃው እንዳይወስደው ነው፣ አባ።»

አልወሰደውም።

በዓመቱ አንድ የምርምር ግቢ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። እዚያ የካላዛር መድኃኒት በውሾች ላይ ይሞከራል። መጀመሪያ በሽታውን ይሰጧቸዋል፣ ቀጥሎ መድኃኒቱን። የሚተርፍም የማይተርፍም አለ። እኔ አበላለሁ፣ እጠርጋለሁ። ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። በካላዛር የሞተ የጎረቤት ሕፃን ቀብሬያለሁና።

ከዚያ የሸዊት ሆድ ማበጥ ጀመረ... ትኩሳቷም አልበርድ አለ።

የግቢው ኃላፊ ዶክተር ፈይሩዝ መረመሯት።

«ካላዛር ነው። ሰኞ አምጣት፣ መርፌ እንጀምርላታለን» አሉኝ። ወዲያው ወደ ረዳታቸው ዞሩ። «አንድ ውሻ ጎድሎናል። ካልተሟላ ሙከራው አይጀመርም።»

እኔ ሁለቱን ነገር እንደ አንድ ሰማሁት። እኛ ዘንድ ልጅህን ሊያድን ወደሚችል ሰው ባዶ እጅ አይኬድም። እጅ መንሻ ያልያዘ ደጅ ሲጠና ይከርማል።

እሑድ ቀትር ላይ ሰሊጥን በገመድ ይዤ ሄድኩ። ባለቤት ያለው ውሻ እንደማይቀበሉ አውቃለሁ። ስለዚህ በሩ ጋ ስደርስ ቢላዬን አውጥቼ ማተቡን በጠስኩት። ማተብ መበጠስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሰሊጥ እጄን ላሰኝ።

«ባለቤት አለው?» አሉ ዶክተሯ።

«የለውም።»

ለሸዊት «ጠፋ» አልኳት። አለቀሰች። አሥራ ሰባት ቀን ተወጋች... ዳነች።

ሰሊጥ አልዳነም። ዕጣው የወደቀው መድኃኒት ከሚከለከሉት፣ ለማነጻጸሪያ ብቻ ከሚቀመጡት ወገን ነበር። ከሳ። ፀጉሩ ረገፈ። ጥፍሮቹ ረዘሙ፤ ካላዛር የያዘው ውሻ ጥፍሩ ያለ ልክ ያድጋል። የግቢው ሲሚንቶ ላይ ሲራመድ ከሩቅ ይሰማል።

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...

እንደዚያም ሆኖ እኔን ሲያይ ጭራውን ይቆላል። ልቤን የሰበረው ይሄ ነው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ በመርፌ አሳረፉት። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። አፈር እያለበስኩት ሳለ አንድ ነገር መጣብኝ። ልጄን ያዳናት መድኃኒትም ከእሷ በፊት በስንት ውሻ አልፎ ነው የመጣው? እነሱንስ ሰሊጥ ብሎ የሚጠራ ሰው ነበራቸው?

ከዚያ በላይ መያዝ አቃተኝ። ለዶክተሯ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አይ ወልዳይ... ልጅህን እኮ ያለ ውሻውም አክማት ነበር።»

ያለ ውሻውም።

በማግሥቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሸዊት ተኝታለች፤ እኔ ከጎኗ ተቀምጫለሁ። በሩ ዝግ ነው። በዚያ ፀሐይ ውጪ የሚንቀሳቀስ የለም።

ቀጭ...

ቀጭ... ቀጭ...

ከደጅ መስሎኝ ነበር። ድምፁ ግን ከአልጋው ሥር ነው።

ሸዊት ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን ወደ ታች ሰደደች። ጣቶቿ ቀስ እያሉ የሆነ ነገር ይዳብሳሉ።

«አባ» አለች በሹክሹክታ።

«ወይ ልጄ...»

«ሰሊጥ መጣ።»

እግሬን ከወለሉ ወደ አልጋው ሰበሰብኩ።

«አባ... ማተቡን ማን በጠሰበት?»

ለእሷ ስለ ማተቡ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ጎንበስ ብዬ ለማየት ወኔ አጣሁ። የራሴን ማተብ ከአንገቴ በጠስኩና ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። «ይቅር በለኝ» አልኩ። ውሻን ይቅርታ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ድምፁ ቆመ።

ሲመሽ አልጋው ሥር አየሁ። ማተቤ እዚያ ነበር፤ ግን ተቋጥሯል። ቋጠሮው ውስጥ ሁለት ነጭ ፀጉር ተይዟል። ክቡ ለእኔ አንገት ይጠባል።

ሸዊት አሁን ደህና ናት፤ ትማራለች፣ ትጫወታለች። ማተቡን አንስታ በሩ ላይ ካለው ሚስማር የሰቀለችው እሷ ናት። እኔ ሌላ ማሰር አልቻልኩም። አንገቴ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

በየቀኑ ቀትር ላይ ሚስማሩም ባዶ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ማተቡን ሚስማሩ ላይ ተመልሶ አገኘዋለሁ።

ልብስ አስጥተን ሳንዞር በሚደርቅበት በዚህ ሀገር፣ ማተቡ ሁልጊዜ ተከዜን ተሻግሮ እንደመጣ ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባል።