ባለቤት ያለው ድኩላ

ጠበቃው መሪው ላይ እንደተደፋ ሞቷል። የገጨው ድኩላ ከመኪናው ፊት ተዘርሯል፤ ጎህ ገና መቅደዱ ነው።

«የዱር አውሬ ነው እንግዲህ፤ ማን ይከሰሳል?» አለ ትራፊክ ፖሊሱ፣ ጉዳዩን ለመዝጋት እየቸኮለ።

«ማንም አይጠየቅም?» ሚስቲቱ ጮኸች። «ባሌ ሞቶ ማንም አይጠየቅም?»

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ በርከክ ብላ የድኩላውን ምላስ አየች። ነጫጭ ፍሬ ተጣብቆበታል። አስፋልቱን በጣቷ ዳብሳ ቀመሰችና እንትፍ አለች። ጥሬ ጨው ነው፤ ያውም የከብት ፀጉር የተቀላቀለበት። እስቲ አሁን አስፋልት ላይ ጨው ምን ይሠራል?

«ጨው? ዋርሳዬ ነዋ!» አለች ሚስቲቱ። «ቆዳ ነጋዴ ነው፤ ከወንድሙ ከባሌ ጋር ተኳርፈዋል። ባሌ በየማለዳው በዚህ እንደሚያልፍም ያውቃል።»

የቆዳው መጋዘን አደጋው ከደረሰበት ኩርባ ብዙም አይርቅም። በሩን ዘበኛው ሽማግሌ ከፈቱላት። ውስጥ ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ እስከ ጣሪያው ተከምሯል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

«አዎ፣ ተኳርፈናል» አለ ነጋዴው። «በእኚህ በዘበኛዬ ምክንያት ነው። ልጃቸው እዚያችው ኩርባ ላይ ድኩላ ገጭታ ሞተች። አውሬ የሚከለክለው አጥር ፈርሶ ስለነበር የመንገድ ድርጅቱን ከሰሱ። ወንድሜ ለድርጅቱ ቆሞ ረታቸው። ተው ብዬ ለምኜው ነበር፤ አሻፈረኝ አለ። ግን ወንድሜ እኮ ነው፤ እንዴት እገድለዋለሁ?»

ዳቦ የሚያከፋፍል አንድ ጺሙ የሸበተ ሹፌር ደግሞ ሳይጠራ መጣ። «ዛሬ ሊነጋ ሲል በዚያ ኩርባ ሳልፍ ፊቱን የተሸፋፈነ ሰው መንገድ ገብቶ አስቆመኝ። ‹ቀስ በል ልጄ፣ አባትህ ይጠብቅሃል› አለኝ። አባቴን የት ያውቀዋል ብዬ ሳቅሁ። ከኋላዬ የመጣውንም አውቶቡስ እንዲሁ አስቆመው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ተሰበሰቡ።

«ድኩላ ጨው ይወዳል» አለች መርፌ። «ኩርባው ላይ ጨው የበተነ ሰው ድኩላውን ጠርቶታል። ጨዉ የወጣው ከመጋዘኑ ነው፤ እዚያ የሚገቡት ነጋዴውና ዘበኛው ብቻ ናቸው። ገዳዩ ግን ሌላ ሰው እንዲሞት አልፈለገም። የመጣውን ሁሉ አስጠነቀቀ፤ የጠበቃውን መኪና ሲያይ ብቻ ከመንገዱ ዞር አለ። ነጋዴው ገና ጎረምሳ ነው፤ ጺሙ የሸበተውን ሹፌር ‹ልጄ› አይለውም። ‹አባትህ ይጠብቅሃል› የሚለውስ ማን ነው? ልጁን ሲጠብቅ የቀረችበት አባት ነው። አባባ፣ ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳትሽም፣ ልጄ።»

ሹፌሩ ድምፁን ለየው፤ ማለዳ ያስቆመው ሰው ነው። ሽማግሌው ተነሡ።

«‹የዱር አውሬ ባለቤት የለውም፤ ማንም አይጠየቅም› ብሎ ጠበቃው ችሎት ፊት አፌን አስያዘኝ። ያን ዕለት ማልሁ። የእኔ ድኩላ ባለቤት አለው፤ እኔ ነኝ። ዛሬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!»

ሚስቲቱ ልትሰድባቸው አፏን ከፈተች።

«አንቺ እንኳ የሚጠየቅልሽ ሰው አገኘሽ» አሏት። «እኔ ዓመት ሙሉ ፈልጌ አጣሁ።»

ትራፊክ ፖሊሱ መጻፍ ጀመረ። «ተጠያቂ» የሚለው ላይ ሲደርስ ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው ስማቸው በትክክል መጻፉን አዩ።