ዘንባላው ሰሌዳ

«እንዴት ነው? ተስማማሽ?»

ጋሽ ሚስማር የክፍሉን በር ገፋ አድርገው አንገታቸውን አስገብተዋል። የትምህርት ቤቱ አናጢ ናቸው። ከከንፈራቸው ዳር ሚስማር ስለማይጠፋ ጋሽ ሚስማር ሆነው ቀርተዋል። ሲስቁ እንዴት እንደማይውጡት እግዜር ይወቅ።

ጫጩት ከምትጽፍበት ዘንባላ ሰሌዳ ቀና ብላ ፈገግ አለች። ቀኝ ትከሻዋ እንደ እሳት ይለበልባታል።

«በጣም ተስማምቶኛል ጋሼ! እጅዎ ይባረክ!»

«አላልኩም?» አሉ፣ ማንም «አይሆንም» ያላቸው ሳይኖር፣ በሩንም በደስታ ዘጉት።

ከጎኗ የተቀመጠችው ጓደኛዋ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ወሬ ስለማታቋርጥ ራዲዮ ይሏታል። «ትከሻሽን ስታሺ ነው እኮ የዋልሽው። ውሸታም!»

«ዝም በይ፣ ይሰሙሻል።»

«ይስሙኛ! የምትታመሚው አንቺ፣ እኔ ምን ቸገረኝ።»

ጫጩት የሚለው ስም የወጣላት በጽሕፈቷ ነው። ደብተሯን የገለጠ ሰው ጫጩት ቀለም ረግጣ ያለፈችበት ይመስለዋል። ጭንቅላቷ ግን ከማንም አያንስም፤ በቃል ስትጠየቅ እንደ ውሃ ታወርደዋለች። እስክሪብቶ ስትይዝ ነው ጣቶቿ የሚያምፁባት። ገጹ ሳይጋመስ እጇ ይዝላል፣ ደወሉ ይደወላል፣ ወረቀቷም እንደ ጎደለ ይሰበሰባል። ሰነፍ ተባለች፣ ግዴለሽ ተባለች። እናቷም «ስልክ ስትነካኪ ግን አይደክምሽም» አለቻት። እናት መቼም ቀዳዳ አታጣም።

ሲስተር እስክትመጣ ድረስ ነገሩ እንዲህ ነበር። ሲስተር እንኳ አይደለችም፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ናት። ሥራዋ ሰው በየዕለቱ የሚያደርገው ነገር፣ መጻፍ ይሁን መልበስ ወይም መብላት፣ ለምን እንዳቃተው አይቶ መላ መፈለግ ነው። ከሆስፒታል ስለምትመጣና የሙያዋ ስም ምላስ ስለሚያስር ሁሉም ሲስተር ይላታል። ማረሙ ሰልችቷት አሁን «አቤት» ትላለች።

መጀመሪያ የመጣች ቀን ጫጩት መርፌ ጠብቃ ነበር። ሲስተር ግን የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ስታይ ዋለች። የጫጩትን ጣቶች አየች፣ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ ምን ያህል ነገር እንደሚገለበጥ አየች። ከዚያ ምን አደረገች? ጫጩትን ትታ መምህራኑን ሰብስባ ገባች።

ራዲዮ በመምህራን ክፍሉ መስኮት አጮልቃ ያየችውን እስከ ዛሬ ታወራዋለች። ሲስተር ለመምህራኑ የጋሽ ሚስማርን ወፍራም የሥራ ጓንት አድላ፣ «ፍጠኑ፣ ጊዜ የለም፣ አሁን እሰበስባለሁ!» እያለች ታጽፋቸዋለች። ግንባራቸው ተፈትቶ የማያውቀው የሒሳብ መምህር ላብ በላብ ሆነዋል። «ምላሳቸውን አውጥተው ነው የሚጽፉት! በዓይኔ በብረቱ!» ትላለች ራዲዮ።

በማግስቱ እኚሁ መምህር ጫጩት ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው፣ «አንቺ፣ ጥያቄውን አትገልብጪ። መልሱን ብቻ ጻፊ» አሏት። ጉሮሯቸውን ጠራርገው ሄዱ። ይቅርታ መጠየቃቸው እንደሆነ ገባት።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ ሌላ ሆነ። የቋንቋ መምህሯ ድርሰቷን በቃል ትሰማት ጀመር። የሒሳብ መምህሩ ፈተና ላይ ጊዜ ጨመሩላት። ሲስተር በመጣች ቁጥር እየዞረች፣ «ምን ሞከራችሁ? ምኑ አልሠራም?» ትላቸዋለች። የሚገርመው፣ መምህራኑ ያልሠራውን ለመናገር ይሽቀዳደማሉ። ያኮረፉት አናጢው ብቻ ነበሩ። «ለእኔ ሥራ የለም?» አሉ። ሲስተርም የእጅ ድካም የሚያቀል፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዘንበል ያለ የመጻፊያ ሰሌዳ እንዲሠሩ ጠየቀቻቸው። በአናጢው ክፍል ውስጥ ጫጩትን አስቀምጠው ለኳት። የሒሳብ መምህሩ ሜትር ያዙ፣ ጋሽ ሚስማር ጻፉ።

ሰሌዳው ሲያልቅ ጠርዙ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል። መምህራኑ አጨበጨቡ። ጫጩት ስትጽፍበት ግን ሰሌዳው ከፍ ብሎ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ይገፋዋል። እንዴት ብላ ትናገር? ያ ሁሉ ሰው ለእሷ ሲል ጓንት አጥልቆ ላቡን ጠርጓል። ይሉኝታ አፏን ያዘው።

በእረፍት ሰዓት ራዲዮ እየሮጠች መጣች። «ሰማሽ? ጋሽ ሚስማር ለሌሎቹም ሰሌዳ ሊሠሩላቸው ነው! እንደ አንቺ እጃቸው ለሚደክም ልጆች ሁሉ። እንጨቱ መጥቷል፣ ዛሬ ይቆረጣል።»

«በማን ልክ?»

«በአንቺዋ ነዋ! ለትንንሾቹ ቀነስ ያደርጉታል እንጂ አሠራሩ ያው ነው። 'ጫጩት ምንም እንከን አላወጣችለትም' ሲሉ ሰማኋቸው።»

የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ትንሽ ልጅ ከራዲዮ ኋላ ብቅ አለች። «ለእኔም ሊሠሩልኝ ነው» አለቻት። «እጄ አይደክመኝም ከእንግዲህ። አይደል?»

ደወሉ ተደወለ።

ከሰዓት በኋላ ወንበሯንና ሰሌዳዋን ይዛ ወደ አናጢው ክፍል እንድትመጣ ተጠራች። ሲስተር፣ የሒሳብ መምህሩና ጋሽ ሚስማር እንጨቱን ከበው ቆመዋል። እንጨቱ በእርሳስ ተሰምሯል። መጋዙ ጋሽ ሚስማር እጅ ላይ ነው።

«እሺ የእኔ ቆንጆ» አለች ሲስተር። «ምኑ ነው የሚያስቸግርሽ?»

«ምንም!» አሉ ጋሽ ሚስማር። «ሁልጊዜ እጠይቃታለሁ እኮ።»

«እሷን ነው የጠየቅኩት ጋሼ» አለች ሲስተር እየሳቀች።

ጫጩት «ምንም» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ቀላል ነበር፣ ለምዳዋለች። መጋዙ እንጨቱ ላይ አረፈ።

«ትከሻዬን ያመኛል።»

መጋዙ ባለበት ቆመ።

«መቼ?» አሉ ጋሽ ሚስማር።

«ሁልጊዜ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ 'እጅዎ ይባረክ' ስትዪኝ የከረምሽው?»

«ቅር እንዳይልዎት ብዬ ነው ጋሼ።»

ሽማግሌው መጋዙን አስቀመጡ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ የተሰቀለውን ገመድ አውርደው እንደገና ሰቀሉት። ጫጩት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

ሲስተር ግን አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «ይኸው አሁን ሥራ ጀመርን። ስንለካሽ እንዴት ነበር የተቀመጥሽው?»

«ቀጥ ብዬ።»

«ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትቀመጪው?»

«እንዴ! ትልቅ ሰው ፊት ስለሆንኩ እኮ ነው።»

«እኔ ከኋላ ሆኜ ሳይሽስ?»

«እርስዎም እንግዳ ነበሩ» አለች ጫጩት እያፈረች።

ጋሽ ሚስማር ሳይወዱ ሳቅ አመለጣቸው። «ወታደር መስላ ነበር የተቀመጠችው! እኔም ጨዋ ልጅ ብዬ ልቤ ተደስቶ…»

«ለጨዋዋ ልጅ ሠራንላት» አለች ሲስተር። «የምትጽፈው ሌላዋ ናት። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው፣ ደግሜ ማየት ነበረብኝ። በይ እስቲ፣ ብቻሽን ስትሆኚ እንደምትቀመጪው ተቀመጪልን።»

ይኼ ከሁሉ ባሰ። እናቷ «እንደ ጆንያ አትዘረፈጪ» እያለች የምትቆጣት አቀማመጥ ነው። ያውም የሒሳብ መምህሩ ፊት! ጫጩት ዞር ብላ አየቻቸው። መምህሩ ቶሎ ብለው ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

ተቀመጠች። መጀመሪያ ቀጥ አለች። ከዚያ ትንፋሿን ለቀቅ አድርጋ ወደ ወንበሩ ጫፍ ተንሸራተተች፣ ጀርባዋ ጎበጠ፣ የጫማዋ ጫፍ መሬት ነካ።

ሲስተር ጎንበስ ብላ ከሥር አየች። «መምህር፣ ይዩልኝ። ቀጥ ስትል እግሯ መሬት አይደርስም። መሬት ፍለጋ ነው ለካ የምትንሸራተተው፤ ዝቅ ስትል ደግሞ ሰሌዳው ከፍ ይልባታል። ነገሩ የሚጀምረው ከወንበሩ ነው።»

መምህሩም ጎንበስ አሉ። «ግማሹ ክፍል እኮ እንዲህ ነው የሚቀመጠው። ሥርዓት ማጣት ይመስለኝ ነበር።»

«ወንበሩን ማን ሠራው እንዳትሉኝ ብቻ» አሉ ጋሽ ሚስማር።

ማንም አላላቸውም። በእርሳስ የተሰመረውን እንጨት ገልብጠው ባዶውን ጎን ወደ ላይ አደረጉት፣ ሜትራቸውን ይዘውም ጉልበታቸው እየተንቋቋ አጠገቧ ተንበረከኩ።

«ጋሼ፣ አዝነውብኛል?»

«አዎ» አሉ ሜትሩን እየዘረጉ። «አትነቃነቂ።»

እኚህን የሚያህሉ ትልቅ ሰው እግሯ ሥር ተንበርክከው እሷ እንዲህ ተዘርፍጣ! ቀና ልትል ቃጣት።

ተወችው።