የማይቆመው ቬንትሌተር

መብራት ሲጠፋ ከጥቁር ሰሌዳው በላይ የሚዞረው ቬንትሌተር ቀስ እያለ ቆመ። ላፕቶፑ ላይ የሚታየው ግን መዞሩን ቀጠለ።

ያየችው ኑሀሚን ብቻ ናት። የኮምፒውተር ክበቡ ልጆች እያጨበጨቡ ነበር፤ ቲቸር ሰላሀዲንም «ማሻአላህ፣ ሠራችሁት» እያሉ የአማንን ትከሻ መታ መታ ያደርጋሉ። ወደ ሰሌዳው የዞረው ካሜራ ክፍሉን በቀጥታ የሚያሳይ መስሏቸው ነዋ። ኑሀሚን ጣሪያውን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ ከዚያ አማንን አየች። አማን ላፕቶፑን ቶሎ ከደነው።

አንገሸገሻት።

«ቪድዮ ነው ያጫወትከው» አለችው ውጭ ሲወጡ። «ቀድመህ በስልክህ የቀረጽከውን።»

«አቦ አታካብጂ። ዘጠና በመቶው ይሠራል አይደል? የቀረውን ቀስ ብለን እንጨርሰዋለን።»

ዘጠና በመቶ ይላል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። በዚህ የሰመራ ሙቀት ሦስት ሳምንት ሙሉ የለፋችው እሷ ናት። ቲቸር ሚሌ ላይ በካርቶን የገዟቸው አሮጌ ካሜራዎች ሊኑክስ በሚባለው ነጻ ሲስተም የሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩ አረንጓዴ ትርምስ እንጂ ሥዕል አይሰጡም። ፋብሪካው ሥዕሉን በራሱ መንገድ አጭቆ ይልከዋል፤ መንገዱን ደግሞ ለማንም አልተናገረም። ኑሀሚን ሌንሱን አንዴ በጥቁር፣ አንዴ በነጭ ወረቀት እየሸፈነች፣ የሚመጡትን ቁጥሮች ደብተሯ ላይ እየገለበጠች ነው የደረሰችበት። ካሜራው የእያንዳንዱን ነጥብ ቀለም አይናገርም፤ ከጎኑ ካለው ነጥብ በስንት እንደሚለይ ብቻ ነው የሚናገረው። አንዷ ነጥብ ከተሳሳተች እስከ መስመሩ መጨረሻ ያለው ሁሉ ይበላሻል። እስካሁን ያስተካከለችው የሥዕሉን የላይኛውን ግማሽ ነው።

«ደግሞ ልኬዋለሁ» አለ አማን።

«ምኑን?»

«ኮዱን ነዋ። ድራይቨሩን ለሚያዘጋጁት ሰዎች። የሁለታችንም ስም አለበት።»

ስልኩን ተቀብላ አነበበች። ድራይቨሩ ማለት ካሜራውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው፤ በየአገሩ ያሉ ሰዎች በነጻ እየተላላኩ ይሠሩታል። የሚላክ ኮድ ሁሉ ከሥሩ ማን እንደጻፈው፣ ማን በካሜራው እንደሞከረው ይፈረምበታል። አማን «የጻፈው፦ አማን። ሞክሮ ያረጋገጠው፦ ኑሀሚን» ብሏል። ልፋቷን መውሰዱ ያናድዳል፤ ያላረጋገጠችውን አረጋግጣለች ማለቱ ግን ይብሳል።

«ማን ያውቃል?» አለ። «እነሱ ይሄ ካሜራ የላቸውም። ቲቸር ደግሞ ለአዲስ አበባው ኤግዚቢሽን እኛን ሊመርጡን ነው። ፋራ አትሁኚ።»

ይህን ሲል ሳምቡሳ እየበላ ነበር፤ ዘይቱ አገጩ ላይ ወርዷል። ኑሀሚን ፊቷን አዞረች። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እንዲህ አስጠልቷት አያውቅም።

አክስቷ ቤት እንደደረሰች አዋሽ ደወለች። አባቷ አስናቀ እዚያ ባቡር ጣቢያ ሀዲድ ፈታሽ ነው። ጠዋት ጠዋት ሀዲዱን በእግሩ ይሄድበታል፤ ሲመለስ መዝገብ ላይ ይፈርማል።

«አባዬ፣ ሳትሄድበት ሄጃለሁ ብለህ ፈርመህ ታውቃለህ?»

ከበስተጀርባው ፍየል ይጮኻል።

«አንድ ቀን» አለ አስናቀ። «ሙቀቱ ከብዶኝ ነበር። ባቡሩም በሰላም አለፈ፤ ማንም አላወቀም።»

«እና?»

«እናማ፣ ባቡሩ እስኪያልፍ ድረስ እህል ባፌ አልዞረም። ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«ምንም።»

ክበቡ ያዋሳትን ላፕቶፕ ስትከፍት መልስ መጥቷል። የድራይቨሩ ኃላፊ፣ አይታው የማታውቀው ሰው፣ ለሁለቱም ነው የጻፈው። «ጥሩ ሥራ ነው። ኑሀሚን፣ ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ ይወጣል? አዎ ካልሽኝ ዛሬውኑ አስገባዋለሁ።»

አንዲት «አዎ» ብትጽፍ ያበቃል። አዲስ አበባን አይታ አታውቅም። የአክስቷን ሻንጣ ለመዋስ አስፈቅዳ ነበር።

ካሜራውን ሰካችና ወደ ራሷ አዞረችው። ከግንባሯ እስከ አፍንጫዋ ጥርት ብሎ ወጣ። ከአፍንጫዋ በታች አረንጓዴና ሐምራዊ ተዘባርቋል፤ አፏ የት እንዳለ አይታወቅም። ያስጠላል። ሳትቆርጥ፣ ሳታሳምር ከመልሷ ጋር አያያዘችው።

«አይወጣም። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አላለቀም። ከሥዕሉ መቶ ሃያኛ መስመር በታች እንዲህ ነው የሚሆነው። ስሜን ካረጋገጡት ውስጥ አውጡልኝ።»

የቲቸር ሰላሀዲንን አድራሻ ጨመረችበት፤ የአማንንም። ትንሽ ቆየችና ላከችው።

ከዚያ ነጩን ወረቀት ሌንሱ ላይ ለጠፈች፣ ደብተሯን ገለጠች፣ ከመቶ ሃያኛው መስመር መቁጠር ጀመረች።