ሦስተኛው ቤት

እንዝርት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ከእናቷና ከአያቷ ጋር በአንድ ፎቅ ምድር ቤት ትኖራለች። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላትና ስትሾር ስለምትውል ነው እንዝርት የሚሏት። እዚህ መሃላችንም ሁለት ሦስት እንዝርቶች ይታዩኛል፤ ስም አልጠራም።

አያቷ ጠጋኝ ናቸው። የተሰበረ በር፣ የተነቀለ መደርደሪያ፣ የላላ ማጠፊያ ይጠግናሉ። መሣሪያቸውን ሁሉ በአንድ የእንጨት ሣጥን አድርገው ትከሻቸው ላይ አንግተው ይሄዳሉ። ከላይ መዶሻ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ ይቀመጣል። ከሥር ደግሞ ስድስት ትንንሽ ክፍሎች አሉ፤ አያቷ «ቤቶች» ይሏቸዋል። አንደኛው ቤት የምስማር ነው፤ ሁለተኛው የአጫጭር ብሎን፣ ሦስተኛው የረጃጅም ብሎን።

የአያቷ ዓይን ደክሟል። ስለዚህ ሲሠሩ ሣጥኑን አያዩም፤ እጃቸው ቤቶቹን ያውቃቸዋል። ከሥራ ሲመለሱ ኪሳቸው ውስጥ የተረፈውን ብሎን ትሪ ላይ ይዘረግፉታል። እያንዳንዱን ወደ ቤቱ ማስገባት የእንዝርት ሥራ ነው። ብሎኑን ከአውራ ጣቷ ጋር ታስተያየዋለች። ከአውራ ጣቷ እኩል ከሆነ አጭር ነው፤ በጥፍር ያህል ከበለጠ ረጅም ነው።

«አንቺ ከደረደርሽው ዓይን ምን ያደርግልኛል?» ይላሉ አያቷ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንዝርት ብሎን ስትለይ፣ ልጆች ውጭ ገመድ መዝለል ጀመሩ።

«እንዝርት፣ ተራሽ ሊያልፍ ነው» አለቻት የጎረቤት ልጅ በመስኮት።

«መጣሁ፣ መጣሁ።»

ትሪው ላይ ግን ገና ብዙ ብሎን አለ። እንዝርት ትሪውን አየች፤ መስኮቱን አየች። ከዚያ ሁሉንም በእፍኟ ዝቃ ሦስተኛው ቤት ከተተችው። ቆዩ፣ በዚህ አላበቃችም። አያቷ እንዳያውቁባት ረጃጅሞቹን ለቅማ ከላይ ከላይ ደረደረች። ሲያዩት ያምራል። ልብሳችሁን አልጋ ሥር ጠቅጥቃችሁ አልጋውን አሳምራችሁ የምታነጥፉ ልጆች፣ አትሳቁባት።

«ጨረስሽ እንዴ የኔ ልጅ?»

«ጨርሻለሁ አባባ» ብላ በረረች።

በማግስቱ እንዝርትና አያቷ ሣጥኑን ይዘው ወደ አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ሄዱ። የልብስ ሰፊዋ እናት እግራቸውን ታመው ሐኪም ቤት ሰንብተው ነበር፤ ያን ቀን አሥር ሰዓት ላይ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ደረጃውን ሲወጡ የሚይዙት የእንጨት መደገፊያ ግድግዳው ላይ መታሰር አለበት።

አያቷ ከታች ጀምረው ወደ ላይ ማሰር ጀመሩ። እጃቸው ሦስተኛው ቤት ይገባል፣ ይወጣል። አሥራ ሁለት ብሎን አጠበቁ። ብሎን አንዴ ከገባ የሚታየው ጭንቅላቱ ብቻ ስለሆነ ሁሉም አንድ ይመስላል። እንዝርት ግን መደገፊያውን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ጫማዋን ነበር የምታየው።

ሲጨርሱ አያቷ መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳብ አደረጉት። የላይኛው ጫፍ ተነቃነቀ። አንዱን ብሎን ፈትተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይሄ አጭር ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እጄ ግን የገባው ሦስተኛው ቤት ነበር።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ» አሏት ልብስ ሰፊዋን። «ዓይኔ ከደከመ ቆየ፤ አሁን ደግሞ እጄም ሊተወኝ ነው መሰለኝ። ሰው የሚደገፍበትን ነገር እንዲህ አድርጌ አስሬ አላውቅም። ይሄን ካስተካከልኩ በኋላ ሥራውን ብተው ይሻላል።»

«ኧረ ጋሼ፣ እንዲህ አይበሉ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ግን ሰዓቷን አየት አደረገች።

እንዝርት ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ጥፋቱን አያቷ ራሳቸው ወስደውላታል። ነገር ግን እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል እያገላበጡ ሲያዩት ሆዷ ባባ። «አምላኬ፣ እርዳኝ» አለች በልቧ።

«አባባ፣ እጅዎ አልተሳሳተም» አለች። «እኔ ነኝ የደባለቅኩት። ተራዬ እንዳያልፈኝ ብዬ ሁሉንም ሦስተኛው ቤት ከተትኩት። እንዳያውቁብኝ ደግሞ ረጃጅሞቹን ከላይ ደረደርኩ።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አያቷ ወደ ሣጥኑ ዞሩ። «ከላይ ደረደርሽ?»

«አዎ።»

«አዝኜብሻለሁ» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «እጄን ግን መለስሽልኝ» አሉና ጭንቅላቷን ዳበስ አደረጓት።

ልብስ ሰፊዋ አንድ ነጭ ቁራጭ ጨርቅ አነጠፈችላት። አያቷም መደገፊያው ላይ የታሰሩትን ብሎኖች ሁሉ ፈትተው ጨመሩላት። እንዝርት የሦስተኛውን ቤት ብሎን በሙሉ ገለበጠችበትና አንድ በአንድ ከአውራ ጣቷ ጋር አስተያየችው። አልቸኮለችም። ያቺ ልጅ ስትቀመጥ የታየችው ያን ቀን ነው። ለይታ ስትጨርስ ሣጥኑን በሁለት እጇ ይዛ ለአያቷ አቀረበችላቸው።

«ዛሬስ ልየው?» አሏት።

እንዝርት አሰብ አደረገች። «ይዩት አባባ» አለች። «ከታች ጀምረው ይዩት።»

አያቷ ፈገግ አሉ። ከሥር አንድ ብሎን አውጥተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ረጅም ነበር። ሌላውን ሁሉ ሳያዩ አሰሩት።

አሥር ሰዓት ላይ የልብስ ሰፊዋ እናት መጡ። መደገፊያውን ጨበጥ አድርገው፣ ክብደታቸውን ጥለውበት፣ ደረጃውን አንድ አንድ እያሉ ወጡት። መደገፊያው ንቅንቅ አላለም። እንዝርትም ጫማዋን ትታ ቀና ብላ አየቻቸው።

ልጆች፣ አምነው የሰጡንን ሥራ ሰው በማያየው በኩልም በእውነት እንሥራው፤ ካጠፋንም ሌላ ሰው ጥፋታችንን ሳይሸከምልን እኛው እንናገር።